ከመቶ ስንት ቢሉህ፥ ከምኑ ብለህ ጠይቅ

በገበያ መካከል የቁናውን ውስጥ በጭቃ ለስኖ ያጠበበ ነጋዴ የተያዘ እንደ ሆነ ሰው ሁሉ ይሰበሰብበታል። ሽማግሌው ይረግመዋል፤ ባልቴቷ እህሌን መልስ ትለዋለች፤ ዳኛውም ይቀጣዋል። ይህም ተገቢ ነው፤ ሐሰተኛ መስፈሪያ የድኻውን እህል ዓይኑ እያየ የሚሰርቅ ሌባ ነውና። ነገር ግን በእጅ የማይዳሰስ፥ በአፍ ብቻ የሚነገር ሌላ መስፈሪያ አለ፤ እርሱም «ከመቶ ይህን ያህል» የሚባለው ነው። ይህ መስፈሪያ በየቀኑ በፊታችን ይጠብባል፥ በየቀኑም ይሰፋል፤ የሚጮኽበት ግን አይገኝም። የማይጮኽበትም ሌባው እጅግ ብልህ ስለ ሆነ አይደለም፤ ተሰራቂው ሳይጠይቅ ስለሚቀበል ነው።

ይህን የምጽፈው ሦስት ሰዎችን ለመሞገት ነው። መጀመሪያው፥ የመቶኛ ሒሳብ ፈተና እስኪያልፍ ድረስ ብቻ የሚጠና ነገር ነው የሚለው ተማሪ ነው። ሁለተኛው፥ ሕጉን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ «እንዲህ አድርጋችሁ አባዙ፥ እንዲህ አድርጋችሁ አካፍሉ» ብሎ ትርጉሙን ሳይነግር ደወል ሲደወል የሚወጣው መምህር ነው። ሦስተኛው፥ «ስልኬ ያሰላልኛል፤ እኔ ለምን እደክማለሁ?» የሚለው ሥልጡን ነኝ ባይ ነው። ሦስቱም በአንድ ጥፋት ይገናኛሉ፤ መልሱን ይፈልጋሉ እንጂ ጥያቄውን አይመረምሩም።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። «ከመቶ 15» ማለት አንድን ሙሉ ነገር በመቶ እኩል ክፍል ከፍሎ ከዚያ ውስጥ 15ቱን ማንሣት ነው። ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለበትም። ነገር ግን አስተውል፤ በዚህ አነጋገር ውስጥ ያልተነገረ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም ያ ሙሉ ነገር ምን እንደ ሆነ ነው። ከመቶ 15 ብቻውን ሲነገር ያላለቀ ቃል ነው። አንድ ሰው መጥቶ «ከበደ ታላቅ ነው» ቢልህ «የማን ታላቅ?» ብለህ ትጠይቀዋለህ እንጂ ዝም ብለህ አትሰማውም። ከመቶ 15 ሲልህም እንዲሁ «ከምኑ ላይ?» ልትለው ይገባሃል። የመቶ ብር ከመቶ 15 እጅ 15 ብር ነው፤ የሺሕ ብር 150 ብር ነው፤ የሚሊዮን ብር ግን 150 ሺሕ ብር ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ ነገሩ ይህን ያህል ይራራቃል።

ይህ አቆጣጠር የትናንት ግኝት አይደለም። በሮም መንግሥት ዘመን ቄሣር አውግስጦስ በጨረታ በሚሸጥ ዕቃ ላይ ከመቶ አንድ ግብር ጥሎ ነበር። በኋላም የኢጣልያ ነጋዴዎች ትርፋቸውንና ወለዳቸውን በመቶ ያሰሉ ነበር፤ ዛሬ በየመጽሐፉ የምናየው የመቶኛ ምልክትም እነርሱ «ከመቶ» የሚለውን ቃል በችኰላ እያሳጠሩ ከጻፉት የመጣ ነው። በእኛ አገር ደግሞ አባቶቻችን በመቶ አይቆጥሩ እንጂ ድርሻን አሳምረው ያውቁ ነበር። አሥራት ከአሥር አንድ፥ እርቦ ከአራት አንድ፥ ሲሶ ከሦስት አንድ፥ እኩል ከሁለት አንድ ነው። በዛሬው አነጋገር ከመቶ 10፥ ከመቶ 25፥ ከመቶ 33 ከሲሶ፥ ከመቶ 50 መሆናቸው ነው።

እነዚህም ስሞች በወረቀት ላይ የሚሠራባቸው መልመጃዎች አልነበሩም፤ የቤተ ሰብ እንጀራ ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጭሰኝነት እስኪቀር ድረስ ከሰው መሬት ላይ የሚያርስ ገበሬ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር እንደ ውሉ ይካፈል ነበር። አሁን አንድ የእኩል አራሽ 100 ቁና እህል አገባ እንበል። አሥራቱ አስቀድሞ ከጠቅላላው ላይ የተነሣ እንደ ሆነ 10 ቁና ወጥቶ 90 ይቀራል፤ ያም እኩል ሲካፈል ለአራሹ 45 ቁና ይደርሰዋል። ባለመሬቱ ግን «አስቀድመን እንካፈል፤ አሥራቱን አንተ ከድርሻህ ክፈል» ያለው እንደ ሆነ፥ አራሹ ከ50 ቁናው ላይ 10 ሰጥቶ በ40 ቁና ይቀራል። አሥራቱም ያው አሥራት፥ እኩሉም ያው እኩል ነው፤ የተለወጠው ከምኑ ላይ እንደሚነሣና ማን እንደሚከፍለው ብቻ ነው። ሆኖም በዚህ መካከል አምስት ቁና እህል ከልጆች አፍ ወጥቶ ሄዷል። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ይህን ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ በዐውድማ ላይ ቆሞ «ከምኑ ላይ ነው የሚነሣው?» ብሎ ይከራከር ነበር። ታዲያ እርሱ በዐውድማ ላይ የጠየቀውን፥ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በወንበር ላይ ተቀምጦ የማይጠይቀው ስለ ምንድን ነው?

የማይጠይቀው እንዲጠይቅ ስላልተማረ ነው። በመካከለኛው ደረጃ ትምህርት ቤት ልጁን «የ1,000 ብር ከመቶ 15 ስንት ነው?» ብለህ ብትጠይቀው ወዲያው 150 ብር ይልሃል፤ ሙሉው ነገር በጥያቄው ውስጥ ተሰጥቶታልና። ነገር ግን ከሱቅ የመጣ ደረሰኝ አሳየውና «ድምሩ 1,150 ብር ነው፤ በውስጡ ከመቶ 15 የተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት፤ ታክሱ ስንት ነው?» በለው። ከብዙዎቹ ልጆች የምትሰማው መልስ 172 ብር ከ50 ሳንቲም የሚል ነው። ልጁ ያገኘውን ትልቅ ቁጥር ይዞ በ15 አባዝቶ በመቶ አካፍሏልና። እውነተኛው መልስ ግን 150 ብር ነው። ይህ ግብር በአገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሲከፈል የሚሰላው ከዕቃው ዋጋ ላይ እንጂ ግብሩ ከተጨመረበት ድምር ላይ አይደለም። ልጁ ራሱን ሊመረምር ቢወድ መንገዱ ቀላል ነበር። ከ1,150 ላይ 172 ብር ከ50 ሲነሣ የዕቃው ዋጋ 977 ብር ከ50 ይሆናል፤ በዚህ ላይ ከመቶ 15 ቢጨምርበት 1,124 ብር ከጥቂት ሳንቲም ብቻ ይመጣል፤ 1,150 አይሞላም። ማባዛቱ ትክክል ነበር፤ ማካፈሉም ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ሙሉው ነገር ነው።

መምህር ሆይ፥ በዚህ ልጁን አትምታው፤ አትሳቅበትም። ሕጉን ሰጠኸው እንጂ ጥያቄውን አልሰጠኸውም። ቢላዋ አስይዞ ምን እንደሚቈረጥበት ያላሳየ ሰው፥ ልጁ ጣቱን በቈረጠ ጊዜ ሊያዝን የሚገባው በራሱ ነው።

ይህ ስሕተት የልጆች ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን አገር የሚያውቃቸው ትልልቅ ሰዎችም ይስታሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን በተደረገ ጊዜ፥ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ከ48 ሳንቲም ተነሥቶ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ሆነ። ወዲያውም «ብር ከመቶ 30 ወደቀ» ተብሎ በዓለም ተነገረ። እስቲ እናስላው። ዶላር 17 ብር ከ25 ሳንቲም ጨምሯል፤ ይህም ከ57 ብር ከ48 ጋር ሲመዛዘን በእርግጥ ከመቶ 30 ነው። ስለዚህ «ዶላር ከመቶ 30 ተወደደ» ማለት እውነት ነው። ብር ግን ስንት ወደቀ? በዋዜማው በ1,000 ብር 17 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይገዛ ነበር፤ በማግሥቱ የሚገዛው 13 ዶላር ከ38 ሳንቲም ሆነ። የጐደለው 4 ዶላር ከ2 ሳንቲም ነው፤ ይህም ከ17 ዶላር ከ40 ጋር ሲመዛዘን ከመቶ 23 ነው። እንግዲህ የአንዱ መወደድ ከመቶ 30፥ የሌላው መርከስ ከመቶ 23 ነው፤ ሁለቱም በአንድ ቀን የሆነ አንድ ነገር ነው።

«ከ30 እና ከ23 ምን ልዩነት አለው? ያው ተጎድተናል» የሚል ይኖራል። ለዚህ ሰው ልክ የለሽነቱን በትልቁ አሳየዋለሁ። ዶላር እጥፍ ቢሆን፥ ማለት ከመቶ 100 ቢጨምር፥ በአንተ አነጋገር ብር ከመቶ 100 ወደቀ ልትል ነው፤ ይኸውም ብር ፈጽሞ ዋጋ አጣ፥ እንደ ደረቅ ቅጠል ሆነ ማለት ነው። በእውነቱ ግን ብሩ የግማሹን ዋጋ እንደ ያዘ ነው። ስለዚህ ሲወጣና ሲወርድ የመቶኛው ቁጥር አንድ አይሆንም፤ ሲወጣ የሚለካው ከታችኛው፥ ሲወርድ የሚለካው ከላይኛው ነውና። ይህን ያልተረዳ ሰው ስለ አገሩ ገንዘብ ሲከራከር ብታይ፥ መስፈሪያ ሳይኖረው እህል እንደሚሰፍር ሰው ቍጠረው።

ይህን አለማወቅ ደግሞ ነጋዴ ያውቅብሃል። 1,000 ብር ይሸጥ የነበረውን ጫማ አስቀድሞ ከመቶ 25 ይጨምርበትና 1,250 ብር ያደርገዋል። ከዚያም በቀይ ቀለም «ታላቅ ቅናሽ! ከመቶ 20!» ብሎ በደጁ ይሰቅላል። አንተም ደስ ብሎህ ትገዛለህ። የ1,250 ከመቶ 20 እጅ 250 ነው፤ ስለዚህ የከፈልከው ያንኑ የትናንቱን 1,000 ብር ነው። ነጋዴው ምንም አልቀነሰልህም፤ ነገር ግን ምስጋናህን ጭምር ወሰደ። «25 ጨምሮ 20 ቢቀንስ 5 ከመቶ ተጨምሮብኛል» ያልክ እንደ ሆነም ሌላ ስሕተት ሠራህ፤ ሁለቱ ከመቶዎች ከተለያየ ሙሉ ነገር ላይ የተነሡ ስለ ሆኑ እንደ ብርቱካን አይደመሩም፥ አይቀነሱምም።

የኑሮ ውድነትም ወሬ እንዲሁ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. በአገራችን የዋጋ ንረት ወደ ከመቶ 34 ገደማ ነበረ፤ በ2023 ዓ.ም. ወደ ከመቶ 30 ገደማ ሆነ። «የዋጋ ንረት ቀነሰ» ሲባል የሰማ ሰው ወደ ገበያ ሄዶ ዋጋ ረክሶ ያላገኘ እንደ ሆነ ዋሹኝ ይላል። አልዋሹትም፤ እርሱ አልጠየቀም እንጂ። የቀነሰው የጭማሪው ፍጥነት ነው፤ ዋጋው ራሱ ወደ ላይ መሄዱን አላቆመም። 100 ብር የነበረ ዕቃ በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ 34 ሲጨምር 134 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ከመቶ 30 የሚጨምረው ከ100 ብር ላይ ሳይሆን ከ134 ብር ላይ ነው፤ ስለዚህ 174 ብር ይደርሳል። በመጀመሪያው ዓመት የጨመረው 34 ብር ነበረ፤ ንረቱ «በቀነሰበት» በሁለተኛው ዓመት የጨመረው 40 ብር ሆነ። ይህን ያወቀ ሰው በሐሰት አይጽናናም፥ ያለ ነገሩም ሰውን ዋሾ አይልም።

አሁን ደግሞ ወጣቶችን በቀጥታ ወደሚነካ ነገር እንምጣ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 ሆኑ። አንዱ ተነሥቶ «የጨመረው ከመቶ ሁለት ብቻ ነው፤ ምን ተሠራ?» ይላል። ሌላው ተነሥቶ «ያለፉት ድርሻ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ 69 አደገ፤ ይህ ታላቅ ሥራ ነው!» ይላል። ከ3.2 ወደ 5.4 ለመድረስ 2.2 ይቀራል፤ 2.2 ከ3.2 ጋር ሲመዛዘን ከመቶ 69 ገደማ ነውና ሁለተኛውም አልዋሸም። ሁለቱም የያዙት አንድ ነገር ነው፤ አንደኛው ከተፈታኙ ሁሉ ላይ ሰፈረ፥ ሁለተኛው ከቀድሞዎቹ አላፊዎች ላይ ሰፈረ። የሚያሳዝነው ግን በዚህ ክርክር መካከል ሁለቱም ያልተናገሩት ነው፤ በመጀመሪያውም ዓመት በሁለተኛውም ዓመት ከመቶ ተማሪ መካከል ከ90 የሚበልጡት ወድቀዋል። ቁጥር ሳይዋሽ እውነትን ሊሸፍን ይችላል፤ ስለዚህ የቁጥሩን እውነተኛነት ብቻ ሳይሆን የቆመበትንም ስፍራ ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው ግን በብድር ላይ የሚደርሰው ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላል ያገራችን ሰው፤ ነገር ግን የቸገረው ይበደራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው ሲያበድር ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 እንዳያልፍ ወሰነ፤ የወለዱ ልክ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደ ሆነም በዓመት ከመቶ 9 እንዲሆን አዘዘ። አራጣ አበዳሪው ግን ችግረኛውን ለብቻው ጠርቶ «እኔ የማስከፍልህ አሥር ብቻ ነው» ይለዋል። ችግረኛውም 10 ከ12 ያንሳልና አበዳሪውን ይመርቀዋል። «አሥሩ በስንት ጊዜ ነው?» ብሎ ግን አልጠየቀም። አሥሩ በወር ነው። በወር ከመቶ 10 ማለት ወለዱ ወር በወር እየተከፈለ እንኳ በዓመት ከመቶ 120 ነው። ያልተከፈለው ወለድ በዋናው ላይ እየተጨመረ እንደገና የሚወልድ ከሆነማ፥ 10,000 ብር የተበደረ ሰው በ12ኛው ወር መጨረሻ 31,384 ብር ዕዳ ይጠብቀዋል። በየወሩ አሥሩ ያው አሥር ነው፤ የሚነሣበት ሙሉ ነገር ግን በየወሩ እየሰባ ሄዷል። በዚህ ምክንያት ቤቱን ያጣ ሰው ቤቱን የወሰደበት አበዳሪው ብቻ እንዳይመስልህ፤ ሳይጠየቅ የቀረው አንድ ጥያቄም ወስዶበታል።

አሁን ወደ ግምት እንለፍ። ከመምህራን መካከል ግምትን እንደ ስንፍና የሚቆጥሩ አሉ። ተማሪው «ወደ 150 ይጠጋል» ያለ እንደ ሆነ «ልኩን ተናገር እንጂ አትገምት!» ብለው ይገሥጹታል። ይህ ተግሣጽ ጉዳት አለው። ግምት ሌላ ነው፥ በጭፍን መናገር ሌላ ነው። እንጀራ የምትጋግር እናት ሊጡን አይታ ስንት እንጀራ እንደሚወጣው ትናገራለች፤ ብትስትም በአንድ ወይም በሁለት ነው። እረኛ መንጋው ወደ በረት ሲገባ በዓይኑ ጠርጎ አይቶ መጉደሉን ያውቃል። መጥኖ መደቆስ የሚባለውም ይኸው ነው፤ ድስቱ ከተጣደ በኋላ ማልቀስ አይጠቅምም። በቀድሞው ጊዜ አሥራት የሚገምተው ገማች በማሳው ዳር ቆሞ «ይህ ሰብል ይህን ያህል ይወጣዋል» ሲል፥ ገበሬው በራሱ ግምት ካልተከራከረው በቀር የገማቹ ቃል ዕዳ ሆኖ ይቀርበት ነበር። ራሱ የማይገምት ሰው ሌላው ይገምትበታል።

የመቶኛ ግምት ደግሞ ከባድ ጥበብ አይደለም። ከመቶ 10 ለማወቅ ከመጨረሻው አንድ ቤት መቀነስ ይበቃል፤ የ8,600 ከመቶ 10 እጅ 860 ነው። የዚህ ግማሽ 430፥ ከመቶ 5 ነው። ሁለት ቤት ብትቀንስ 86 ይሆናል፤ ይህ ከመቶ አንድ ነው። እንግዲህ በእነዚህ በሦስቱ ሁሉን ትሠራለህ። ሥራ ይዘህ 8,600 ብር ደመወዝ ብትቀጠርና ለጡረታ ከመቶ 7 ይቆረጥብሃል ቢሉህ፥ ከመቶ 5 430፥ ከመቶ 2 172፥ በድምሩ 602 ብር መሆኑን ፊርማህን ሳታኖር ታውቃለህ። አሠሪህም በበኩሉ ከመቶ 11 ሊከፍልልህ ይገባልና፥ 860 እና 86 ደምረህ 946 ብር መግባቱን ትጠይቃለህ። ደግሞም የሚያስገርም አንድ ነገር ልንገርህ፤ የ50 ከመቶ 18 እጅ ስንት እንደ ሆነ ቢቸግርህ ገልብጠው፤ የ18 ከመቶ 50 ማለት ነውና 9 ነው። የ25 ከመቶ 16 እጅም የ16 ሩብ፥ 4 ነው።

በትልቅ ቁጥርም እንዲሁ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺሕ የሚጠጉ ተማሪዎች ያለፉት ከመቶ 3.3 ናቸው ሲባል፥ ወረቀት ሳትይዝ እንዲህ በል። ከመቶ አንዱ 9 ሺሕ ነው፤ ሦስት ጊዜ 27 ሺሕ፤ የአንዱ ሲሶ ሲጨመር 30 ሺሕ። እውነተኛውም ቁጥር ወደዚሁ ወደ 30 ሺሕ የሚጠጋ ነበር። አሁን ከመቶ 3.3 የሚለው ደረቅ ቃል ሥጋና ደም ለበሰ፤ 30 ሺሕ ልጆች በአንድ ወገን፥ 870 ሺሕ ልጆች በሌላው ወገን ቆመው ታያቸዋለህ። ግምት ቁጥርን ወደ ሰው የሚመልስ ጥበብ ነው።

«ስልኬ ያሰላልኛል» የምትለው ወንድሜ ሆይ፥ ስልክህን አልነቅፍም፤ ያሰላልሃል። ነገር ግን ስልኩ የነገርከውን ያሰላል እንጂ ልትነግረው የሚገባህን አይነግርህም። የ2,400 ብር ከመቶ 15 እጅ 360 ብር ነው። ጣትህ ስታ 15 በማለት ፈንታ 150 ብትነካ 3,600 ይልሃል፤ ያለ ኀፍረትም ይልሃል። የዕቃው ግብር ከዕቃው እንደማይበልጥ ስልኩ አያውቅም፤ ልታውቅ የሚገባህ አንተ ነህ። አስቀድሞ «ከ240 ይበልጣል፥ ከ480 ያንሳል» ብሎ የገመተ ሰው 3,600ን ባየ ጊዜ ይደነግጣል፤ ያልገመተ ግን ይከፍላል። ከሁሉም በላይ «ከምኑ ላይ?» የሚለውን ጥያቄ ራስህ ካልጠየቅህ ሌላ የሚጠይቅልህ የለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህን ያወቅህ እንደ ሆነ ዕውቀትህን በማያውቁት ላይ አትሳልባቸው። መስፈሪያውን ማጥበብ የተማረ ልጅ ከማያውቅ ልጅ የከፋ ነው። እናትህ ዕቁብ ስትገባ፥ አጎትህ ለዘር ሲበደር፥ ጎረቤትህ ደረሰኝ ይዛ ስትቸገር፥ አጠገባቸው ተቀምጠህ ከምኑ ላይ፥ በስንት ጊዜ፥ በግምት ስንት ይመጣል ብለህ አስላላቸው። አንቺም ተማሪ ሆይ፥ ሒሳብ የወንድ ነው የሚሉሽን አትስሚ፤ የቤት ወጪ የሚታሰበው ባንቺ እጅ ከሆነ የሚጎድለውም ከእጅሽ ነው።

መምህሩም በመቶኛ ትምህርት የመጀመሪያ ቀን ሕጉን ከመጻፉ በፊት «ከምኑ ላይ?» የሚለውን ቃል በሰሌዳው ራስ ላይ ይጻፍ፤ ልጁ ሳይገምት አያስላ፥ ሙሉውን ነገር ሳይጠራም መልስ አይስጥ። ተማሪውም ፈተናውን ካለፈ በኋላ መጽሐፉን ቢዘጋ ይዝጋ፤ ይህን ጥያቄ ግን አይዝጋ። ነጋዴው፥ አበዳሪው፥ ሹሙና ጋዜጠኛው እርሱን ከትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው ይጠብቁታልና፤ እያንዳንዳቸውም በእጃቸው አንድ «ከመቶ» ይዘዋል።